ለወፍም ደብዳቤ?

ከሾኔ በሚኒባስ ስትወጡ ምን ታያላችሁ? የፊት ወንበሩን ጀርባ! በብስክሌት ሌላ ነው። ዳገቱ ያስወርዳችኋል፤ ብስክሌቱን እየገፋችሁ እንሰቱ ላይ ያለውን ጤዛ ታያላችሁ፤ አምበሪቾ ተራራ ከደመና እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ። ወደ ሻሾጎ፣ ቦዮ ሐይቅ ከዘለቃችሁ ደግሞ ካገጩ ሥር ሁለት ነጭ ጉትቻ የተንጠለጠለበት ረጅም ወፍ አለ። ከአፍሪካ ውጪ በዱር አይገኝም። ሞተር ሲሰማ ብድግ ይላል፤ ብስክሌት ግን ምን ድምፅ አለው?

ምን ዋጋ አለው ታዲያ! ካሜራ ባወጣሁ ቁጥር አንዱ ባለሥልጣን ነኝ ባይ «ደብዳቤ አለህ?» ይለኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ተዘዋወር፣ አንቀጽ 29 መረጃ ፈልግ ብሎኛል እኮ! ባለፈው ያነሳሁትን ሁሉ አስጠፋኝ። ኧረ ለመሆኑ፣ የከሰሰኝ ወፉ ነው እንዴ?