ደብተሩ ይቅር፣ መብራቱ ይምጣ

ጳጉሜን ሲቃረብ ባነር የሚያሳትም መሥሪያ ቤት ይበዛል። ደብተር ይቆለላል፣ ተማሪዎች ይሰለፋሉ፣ ኃላፊው መሐል ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ክረምት ላይ ደግሞ የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ጣሪያ ይቀየራል፣ ችግኝ ይተከላል። ዜናው «ማኅበራዊ ኃላፊነቱን ተወጣ» ብሎ ይዘጋል። ነገሩ እየተለመደ ሄዶ፣ ኤሌክትሪክ የሚያቀርብ ድርጅት ለአካባቢው ሕዝብ ምን መለሰ ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ የሚፈለገው እዚያው ባነር ሥር ሆኗል፦ ስንት ደርዘን ደብተር? ስንት ቤት? ስንት ሺህ ብር?

ይህ አስተሳሰብ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። የቢራ ፋብሪካ ደብተር ቢያድል እሺ፤ ቢራው ቢጠፋ ማንም አይጎዳም። የመብራት ሥራ ግን ሰው ጓዳ ገብቶ የሚውል ሥራ ነው። መብራት ሲሄድ ሊጡ ምጣዱ አጠገብ ይኮመጥጣል፣ ወፍጮው ይቆማል፣ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛ ይዞ በር በሩን ያያል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጣችውን ለልጇ የተሰጠው ደብተር አይመልስላትም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለሰው ቢሆንም ለመሥሪያ ቤትም ልክ ነው።

ታዲያ እንዴት ይመለስ ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ የምጠቅሰው አንድ ከተማ አለኝ። አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት ውስጥ ያለችው ቻተኑጋ ናት። በእነሱ አቆጣጠር በ1969 ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ አየሯ የቆሸሸ ተብላ የነበረች የፋብሪካ ከተማ ነች። መብራቷን የሚያከፋፍለው ኢ.ፒ.ቢ. የሚባል፣ በ1935 የተቋቋመ፣ የከተማው ሕዝብ ንብረት የሆነ ድርጅት ነው። ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን የለውም። ኃይሉን ቲ.ቪ.ኤ. ከተባለው የፌዴራል መንግሥት ድርጅት እየገዛ ያድላል። እኛ አገር በ2006 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ሲከፈል «አገልግሎት» የተባለውን ግማሽ እንደማለት ነው።

የኢ.ፒ.ቢ. ችግር እኛም የምናውቀው ችግር ነበር፦ ዛፍና ንፋስ። አካባቢው ተራራማና ደን የበዛበት ነው። ማዕበል በመጣ ቁጥር ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል፣ ሰፈር ሙሉ ይጨልማል፣ ሠራተኞች መኪና ይዘው የተበጠሰው የቱ ጋ እንደሆነ ምሰሶ በምሰሶ ይፈልጋሉ። ድርጅቱ መፍትሔ ያለው በየመስመሩ ላይ እርስ በርስ የሚነጋገሩ አውቶማቲክ ማቋረጫዎችን መትከል ነበር፤ ቁጥራቸው ኋላ ላይ 1,200 ገደማ ደርሷል። ዛፍ ሲወድቅ ከግራና ከቀኝ ያሉት ማቋረጫዎች የተበላሸችውን ቁራጭ መስመር ብቻ ይነጥላሉ፤ የተቀረውን ሰፈር በሌላ መስመር ያበሩታል። ይህ ሁሉ ሰው ስልክ አንስቶ «መብራት ጠፋ» እስኪል እንኳ አይቆይም፤ በሰከንዶች ያልቃል።

ማቋረጫዎቹ ግን ለመነጋገር መስመር ይፈልጋሉ። ኢ.ፒ.ቢ. ለዚህ ሲል በሚያገለግለው ክልል ሁሉ፣ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ስፋት፣ ፋይበር ዘረጋ። ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረ። በዚሁ መስመር ገበያችንን ይሻማናል ያሉ የኬብል ኩባንያዎች ሊያስቆሙት ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ አልተሳካላቸውም። በ2009 ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት 111.5 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አገኘ። በሐምሌ 2012 ኃይለኛ ማዕበል መጣ። ያለ ማቋረጫዎቹ 80 ሺህ ያህል ደንበኛ መብራት ይጠፋበት ነበር ተብሎ ተገምቷል፤ ለረጅም ሰዓት የጠፋበት ግን ከ40 ሺህ በታች ሆነ። ለእኔ ያች ቀን ከየትኛውም የእርዳታ ቼክ ትበልጣለች። መብራት ሊጠፋበት ከነበረው ሰው ግማሹ ምን እንደተደረገለት ሳያውቅ እራቱን በልቶ ተኛ። ፎቶ የሚነሳም አልነበረም፤ ያልጠፋ መብራት ፎቶ አይወጣለትም።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ለማቋረጫዎቹ የተዘረጋው ፋይበር በየቤቱ ደጃፍ ስለሚያልፍ፣ በ2010 ኢ.ፒ.ቢ. በሰከንድ አንድ ጊጋቢት የሚደርስ ኢንተርኔት ለመላው ክልሉ መሸጥ ጀመረ፤ ያኔ ይህን በከተማ ስፋት የሚያቀርብ አሜሪካ ውስጥ አልነበረም። ነገሩን አላሳምረውም፤ መጀመሪያ ላይ ዋጋው በወር 350 ዶላር ነበርና ለድሃ የሚቀመስ አልነበረም። በ2013 ወደ 70 ዶላር ወረደ። ከዚያ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2020 ድርጅቱ ከትምህርት ቤቶቹ፣ ከከተማውና ከካውንቲው አስተዳደር እንዲሁም ከለጋሾች ጋር ሆኖ፣ ወደ 28 ሺህ ለሚጠጉ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለመጡ ተማሪዎች ነፃ ፈጣን ኢንተርኔት ለአሥር ዓመት ለመስጠት ቃል ገባ።

ይህ ልገሳ አይደለም ወይ? ነው እንጂ። ግን ከየት እንደመጣ ተመልከቱ። መስመሩ ከልጆቹ በር ላይ ደርሶ ይጠብቅ ነበር፤ ያመጣውም ዛፍ ሲወድቅ መብራት እንዳይጠፋ የተሠራ ሥራ ነው። ሥራውን በደንብ የሠራ ድርጅት ቸርነቱ ከሥራው ላይ ይተርፋል። ቤንቶ ሎቦ የተባሉ የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁር ፋይበሩና ዘመናዊው መስመር በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ለአካባቢው ያስገኙትን ጥቅም 2.69 ቢሊዮን ዶላር ገምተውታል። ሒሳቡን በግማሽ ቀንሱት ብትሉኝም እሺ። በዚህ ልክ ደብተር ያደለ መሥሪያ ቤት አሳዩኝ።

«የመንግሥት ገንዘብ ስለተሰጠው ነው» የሚል አይጠፋም። ያንኑ የፌዴራል ድጋፍ ያገኙ ፕሮጀክቶች 99 ነበሩ፤ ሁሉም ግን ቻተኑጋ አልሆኑም። ልዩነቱ ባለቤትነት ነው፤ ደንበኛውና ባለቤቱ አንድ ሰው ሲሆን «መመለስ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ይለወጣል። «ደብተሩስ ምን ጎዳ?» የሚልም አለ። ደብተሩ ማንንም አልጎዳም፤ የሚጎዳው ደብተሩ የሥራ መለኪያ ሲሆን ነው።

እኛም ዘንድ ባነር ያልተሰቀለለት ትልቅ መመለስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ታሪፍ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ለሚጠቀም ቤተሰብ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ላይ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። አምፖልና ሬዲዮ ብቻ ላለው ቤት ይህ በየወሩ የሚደርስ ስጦታ ነበር፤ ርክክብም አላስፈለገውም። (የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት 50ዋን ቶሎ ይጨርሳል፤ ጥጋበኛ ስለሆነ ሳይሆን እንጀራ ስለሚበላ ነው። ይህን ማንሳት የነበረባቸው ሰዎች ደብተር ሲቆጥሩ ይሆናል።)

ደግሞ ማን ለማን እንደሰጠ አንርሳ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ከመምህሩና ከጥበቃው ደመወዝ ተቆርጦለታል፤ ሊስትሮው ሳይቀር ቦንድ ገዝቶለታል። ባሕር ማዶ ያለው ወገንም እንዲሁ። ይህ ሕዝብ መብራት ሲመጣለት የሚመለስለት የራሱ ነው፤ እየተመጸወተ አይደለም። አዋጪ ባለቤት ነው፤ ባለቤት ደግሞ ደብተር አይታደልም፣ ሒሳብ ይቀርብለታል።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። በሚመጣው የመብራት አገልግሎቱ ዓመታዊ ሪፖርት ላይ፣ ከችግኙና ከደብተሩ ቁጥር በፊት፣ በመጀመሪያው ገጽ፣ በየወረዳው አንድ ደንበኛ በዓመት ስንት ሰዓት መብራት እንደጠፋበት ይጻፍልን።