ልጇን ልታርስ ወደ ሊክተንስታይን የምትጓዝ እናት

ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ከአጠገቧ እንድትሆን መፈለጓ ያለና የነበረ ነው። ገንፎውን የሚያገነፋ፣ አጥሚቱን የሚያሞቅ፣ ሕፃኑን አጥቦ የሚያሽ እጅ ከእናት እጅ የሚበልጥ የለም። ዛሬ ግን ልጆቻችን በየአገሩ ስለተበተኑ አራስ ጥየቃው እንደ ቀድሞው ነጠላ አጣፍቶ ሠፈር ማቋረጥ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ፓስፖርት፣ ቪዛና የባንክ ወረቀት የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኗል።

በዚህ ሳምንት መልስ የምንሰጠው በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ 15 ዓመት ያገለገሉ እናት ለጻፉልን ደብዳቤ ነው። ልጃቸው ሊክተንስታይን ከሚሠራው ባለቤቷ ጋር ትኖራለች፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ሦስት ወር ሙሉ አብሬያት ሆኜ፣ ክርስትናውን አይቼ ብመለስ ደስ ባለኝ። አንድ ደላላ ግን በባንክ ደብተርሽ የሚታይ ገንዘብ ለጊዜው አስገባልሻለሁ፣ ወረቀቱንም እኔው እጨርስልሻለሁ ብሎ ብዙ ብር ጠየቀኝ። ምን ይሻለኛል?» ይላሉ።

በመጀመሪያ አገሩን እንወቅ። ሊክተንስታይን በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መካከል የምትገኝ፣ ስፋቷ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የሕዝቧም ቁጥር ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ትንሽ አገር ናት። ዋና ከተማዋ ቫዱዝ ይባላል። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ተጓዡ ብዙውን ጊዜ ዙሪክ ወርዶ በባቡር እስከ ሳርጋንስ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ይገባል። የምትገበያየው በስዊስ ፍራንክ ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ የሸንገን ስምምነት አባል ስለሆነች የራሷ ብቻ የሆነ የጉብኝት ቪዛ የላትም፤ የሚያስፈልገው የሸንገን ቪዛ ነው። የቪዛውንም ጉዳይ በውጭ አገር የሚያከናውኑላት የስዊዘርላንድ ውክልናዎች ናቸው። ስለዚህ «የሊክተንስታይን ኤምባሲ የት ነው?» እያሉ መንከራተት አያስፈልግም።

አንድ ነገር እናስታውስ። በሊክተንስታይን ያለው የማዋለጃ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2014 ስለተዘጋ፣ እናቶች የሚወልዱት በአብዛኛው ድንበሩን ተሻግረው በስዊዘርላንድ ወይም በኦስትሪያ ሆስፒታሎች ነው። እናት «ልጄ ምጥ ይዟት ወንዝ ማዶ ብትወሰድ እኔ በምን ቪዛ እከተላታለሁ?» ብለው መስጋት የለባቸውም። ሁለቱም አገሮች የሸንገን አባላት ስለሆኑ ያው አንዱ ቪዛ ይበቃል። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ መግቢያ ብቻ ስለሆነ፣ «እግረ መንገዴን ለንደን ያለችውን እኅቴን ጠይቄ ልመለስ» ቢሉ ተመልሰው መግባት አይችሉም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት። ከእርሱ ጋር የተሞላና የተፈረመ ማመልከቻ፣ ፎቶግራፍ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን፣ የጉዞው ምክንያትና ማረፊያው የሚታወቅበት ማስረጃ፣ የገንዘብ አቅም ማሳያ፣ እንዲሁም ወደ አገር ለመመለስ የሚያበቃ ምክንያት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። የጣት አሻራም ይሰጣል። የቪዛው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ እናቶችን የሚያሰናክለው የስም ጉዳይ ነው። በእኛ ልማድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ፣ የእናትና የልጅ ፓስፖርት ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንድ የሚያገናኝ ስም አይገኝም። ቤተሰብ ሁሉ በአንድ የቤተሰብ ስም በሚጠራበት አገር ላደገ ሠራተኛ ይህ ግር ማሰኘቱ አይቀርም። መፍትሔው የእናትየዋ ስም የተጻፈበት የልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ስንወልድ ይህን ወረቀት አላወጣንም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እርሱን ማውጣት፣ ማስተርጎምና ማረጋገጥ ይሁን። ስሙም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ፊደል በፊደል መግጠሙን ይመልከቱ። ልጅቱ በበኩሏ የመጥሪያ ደብዳቤ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ቅጂና የመውለጃዋን ጊዜ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ትላክ።

ቀጥሎ የቀን ሒሳብ አለ። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባወጣው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ መደበኛ የመመርመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል ተደርጓል። በዚህ ላይ የቀጠሮው ወረፋ ይጨመራል። ልጃቸው አምስት ወሯ ከሆነ፣ ደብዳቤ ጸሓፊያችን ማመልከቻቸውን በሚመጡት ሳምንታት ውስጥ ማስገባት ይኖርባቸዋል። «ወሯ ሲገባ እጀምራለሁ» ያለች እናት የልጅ ልጇን የምታየው በፎቶግራፍ ነው።

የቆይታው ጣሪያ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። እንግዲህ ክርስትናውን እናስላ። ከመውለጃዋ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ቢገቡና ወንድ ብትወልድ፣ 40 ቀኑ ሲደርስ ገና 54 ቀን ቢሆናቸው ነው። ሴት ብትወልድ ግን 80 ሲጨመር 94 ይሆናል፤ ይህም ከተፈቀደው ያልፋል። ምጡ በዘገየ ቁጥር ቀኑ ይበላል። ስለዚህ ከወሊዱና ከሴት ልጅ ክርስትና አንዱን መምረጥ ግድ ሊሆን ይችላል። ይህንን ከልጅ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ለሠራተኛ እናት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት እረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። 15 ዓመት ያገለገሉ እናት 23 የሥራ ቀን ያገኛሉ ማለት ነው። ቅጹ ላይ 90 ቀን ተጽፎ የፋብሪካው ደብዳቤ 23 የሥራ ቀን ካለ፣ ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ መርማሪውም «እኚህ ሴት ሥራቸውን ሊተዉ ነው» ብሎ ይጠራጠራል። እንግዲህ ወይ የሚጠየቀው ቀን በእረፍቱ ልክ ይሁን፣ ወይም ያለ ደመወዝ የሚታከል ፈቃድ ከአሠሪው ጋር በጽሑፍ ይፈጸም። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ የእረፍቱን ቀንና ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ዕለት ይግለጽ። በየወሩ ደመወዝ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ፣ የጋብቻ ወረቀትና በቤት የሚቀሩ ልጆች ማስረጃ «እመለሳለሁ» ለሚለው ቃል ምስክሮች ናቸው።

ስለ ደላላው የምንለው አጭር ነው፤ ይቅርብዎ። ትናንት ገብቶ ነገ የሚወጣ ገንዘብ ከባንኩ መግለጫ ላይ ጉልህ ሆኖ ይታያል። የደመወዝዎ መጠን ሲታወቅ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ?» መባሉ አይቀርም። ሐሰተኛ ወረቀት ከተገኘ ቪዛው ይከለከላል፤ የማመልከቻው መረጃም ለአምስት ዓመት በአባል አገሮቹ የጋራ መዝገብ ይቆያል። በዚህም ላይ የደላላው ዕዳ አለ። ትንሽ ደመወዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ወጪውን የሚችሉት ልጅና አማች ከሆኑ፣ ይህንኑ በግልጽ ጽፈው የራሳቸውን የደመወዝ ማስረጃና የሚጠየቁትን የዋስትና ግዴታ ማቅረብ ይችላሉ። እውነቱ ይህ ከሆነ እውነቱ ይቅረብ።

ቪዛው ሲገኝ በደስታ ከማጠፍ በፊት ይነበብ። «እስከዚህ ቀን ድረስ ያገለግላል» የሚለውና «የቆይታ ቀናት» የሚለው ቁጥር የተለያዩ ናቸው። ለጥንቃቄ ተብሎ የማገልገያው ጊዜ ከቆይታው ቀን በላይ ረዘም ተደርጎ ይሰጣል። 30 ቀን የተፈቀደላት እናት የመጨረሻውን ቀን ዐይታ 45 ቀን ብትቀመጥ ሕግ ጥሳለች፤ ለሚቀጥለውም ጉዞዋ እንቅፋት ታስቀምጣለች። ሌላው፣ ቪዛ መያዝ ብቻውን የመግቢያ ዋስትና አይደለም። የድንበሩ መኮንን የት እንደሚያርፉ፣ ምን ይዘው እንደመጡ፣ መቼ እንደሚመለሱ ሊጠይቅ ስለሚችል የመጥሪያው ደብዳቤ፣ መድኑና የመመለሻው ቲኬት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዙ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በፓስፖርት ላይ ማኅተም በመምታት ፈንታ ፎቶግራፍና አሻራ የሚመዘግብ አሠራር ደረጃ በደረጃ ገብቷል። የገባችበትንና የወጣችበትን ቀን መሣሪያው ስለሚቆጥር «አልታወቀብኝም» ማለት አይሠራም።

ምናልባት ቢከለከሉስ? ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ይግባኝ ለማለትም ወረቀቱ ላይ የተወሰነ ጊዜ አለ። ምክንያቱን በጥሞና አስነብበው የጎደለውን ማሟላት እንጂ በንዴት ያንኑ ወረቀት መልሶ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጨረሻም ስለምትሄዱባት አገር አንድ ነገር እናንሣ። የሊክተንስታይን ሴቶች በአገራዊ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ በፊት ወንዶቹ በ1971 እና በ1973 ጥያቄውን ድምፅ ሰጥተው ጥለውት ነበር፤ በ1984ም ያለፈው በጠባብ ልዩነት ነው። በእኛ አገር ይህ መብት በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተሰጠ መሆኑን ስናስታውስ፣ ከሀብታም አገር ሰው ፊት አንገት መድፋት እንደማይገባን እንረዳለን። እናት ሆይ፣ ከመስኮቱ ፊት ሲቀርቡ ለማኝ ሆነው አይቅረቡ። 15 ዓመት የሠሩ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ቤትና ሥራ ያለዎት ሰው ነዎት። ወረቀትዎ የሚናገረው ይህንኑ ብቻ ይሁን። ልጅዎን በሰላም ይገላግልልን፤ እርስዎም አርሰው፣ ስመው፣ በቀንዎ ለመመለስ ያብቃዎ።