የዘር ሐረጋችን እናቶቹን የት ጣላቸው?

ባለፈው የዒደል ፊጥር ማግስት ቦንጋ ውስጥ በአንድ ዘመዳችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው የአጎቴ ልጅ አንድ ትልቅ ወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የቤተሰባችን የዘር ሐረግ ነው። ሦስት ዓመት ለፍቶበታል። ጅማና አጋሮ እየሄደ ሽማግሌ ጠይቋል፤ በቴሌግራምም እንደርሱ ዘራቸውን ከሚያፈላልጉ ሰዎች ጋር ተዋውቆ ስም ሲለዋወጥ ከርሟል። አሥራ አራት ትውልድ ቆጥሮ የመጨረሻውን ስም ዐረብ አገር አድርሶታል። ልጆቹ ተደሰቱ፤ ትልልቆቹም “ማሻአላህ” አሉ።

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አክስታችን ግን ወረቀቱን አስነብበው ካዳመጡ በኋላ፣ “ልጄ፣ እናቴ የታለች?” ብለው ጠየቁ።

“አክስቴ፣ ይሄኮ የወንዶቹ መስመር ነው” አላቸው።

“ወንዶቹን ማን ወለዳቸው?” አሉት።

ቤቱ ዝም አለ። ዝም ያልነውም መልሱን ስለማናውቅ አልነበረም፤ ስለምናውቅ ነው። የአክስታችን እናት፣ የኔም አያት፣ በልጅነቷ ከማጂ በኩል ተነድታ የመጣች ልጅ ነበረች። ተሸጣ ቤታችን ገባች፤ በቤታችን አደገች፤ አያታችን አገባት። በዚያ ክፍል የተቀመጥነው ሁሉ የእርሷ ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። የምናውቀው ስሟ ቤታችን ያወጣላት ስም ነው። እናትና አባቷ ማን ብለው ይጠሯት እንደነበር የጠየቃት ሰው አልነበረም። ያቺ ሴት ከዚያ ሁሉ ስም መካከል አንድ ቦታ እንኳ አላገኘችም።

ውድ አንባብያን! ይህን የምጽፈው የአጎቴን ልጅ ልወቅስ አይደለም። እርሱ የሠራው ዛሬ ብዙው ሙስሊም ቤተሰብ የሚሠራውን ነው። ዘርን መፈለግ፣ የተበተነ ዘመድን ማሰባሰብ በአገር ውስጥም በውጭም ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ እየተወደደ መጥቷል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ዘር ስንፈልግ የምንፈልገው ዘመድን ነው ወይስ ክብርን? ዘመድ የሚፈልግ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጽፋል። ክብር የሚፈልግ ግን እያማረጠ ይጽፋል፤ የማይፈልገውን ይቆርጣል። የመጀመሪያው ዝምድናን መቀጠል ነው። ሁለተኛው ዝምድናን መቁረጥ ነው፤ በሚያምር ወረቀት ላይ ቢታተምም ያው መቁረጥ ነው።

ዲናችን ዘርን ለምን እንደምናውቅ ሳይነግረን አላለፈም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ሰዎችን ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረገው እንዲተዋወቁ መሆኑን፣ ከርሱ ዘንድ የሚከበረውም ይበልጥ አላህን የሚፈራው መሆኑን ገልጾልናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድናችሁን የምትቀጥሉበትን ያህል ዘራችሁን ተማሩ ብለው እንዳዘዙ ቲርሚዚ ዘግበዋል። ልብ በሉ! ዘርን መማር የተፈለገው ዝምድና ለመቀጠል ነው። በዘር መኩራራትንና የሰውን ዘር ማነወርን ግን ከጃሂሊያ ቅሪቶች መካከል ቆጥረዋቸዋል፤ ሐዲሱም በሙስሊም ውስጥ ይገኛል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን እንዳሏቸው ታውቃላችሁ። ያን ትልቅ ሰሐባ፣ አንተ ጃሂሊያ ያለብህ ሰው ነህ ብለው ገሠጿቸው። አቡ ዘር የሌላውን ሰው እናት ነበር ያነወሩት። እኛ የገዛ እናታችንን አፍረን ስንደብቅ ምን ልንባል ነው?

ዐረብ አገር ድረስ ለሚቆጥሩት ወንድሞቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። እውነተኛ የሸሪፍ ቤተሰቦች በአገራችን የሉም ማለቴ አይደለም። ሳያረጋግጡ መጠጋት ግን አደገኛ ነው፤ እያወቀ ከአባቱ ሌላ ወደሆነ አባት ራሱን ያስጠጋ ሰው ጀነት እርም እንደሆነችበት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እሺ፣ ቆጠራችሁ እውነት ይሁንና ቁረይሽ ዘንድ ደረሰ እንበል። ከቁረይሽ ወደ ላይ ስትወጡ ኢስማኢልን (ዐ.ሰ.) ታገኛላችሁ። የኢስማኢል እናት ማን ናት? ሃጀር ናት። በሰው ቤት አገልጋይ የነበረች፣ ከአገሯ ርቃ የመጣች ሴት! ንጉሥም ሆነ ዓሊም፣ ሐጅ ያደረገ ሁሉ ያች እናት ለልጇ ውኃ ፍለጋ በሮጠችበት በሶፋና በመርዋ መካከል ይመላለሳል። አላህ የሃጀርን ዱካ የሐጅ ሥርዓት አደረገው። እኛ የራሳችንን ሃጀር ከወረቀት ላይ ፋቅናት።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሞግዚት ኡሙ አይመን ሐበሻዊት ነበሩ፤ በባርነትም ኖረው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፃ አወጧቸው፤ እንደ እናትም ያከብሯቸው ነበር። ልጃቸው ኡሳማ ጥቁር ስለነበረና አባቱ ዘይድ ነጭ ስለነበሩ ሰዎች ልጅነቱን ተጠራጥረው ያሙት ነበር። አንድ የዘር አዋቂ የሁለቱን እግር አይቶ አንዱ ከሌላው የመጣ ነው ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በደስታ ፊታቸው በርቶ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። ያ ወጣት በኋላ ታላላቅ ሰሐቦች ያሉበትን ጦር መርቷል። የባሪያይቱ ልጅ ተብሎ ከመዝገብ አልተሰረዘም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እስልምና ወደ ካፋ ከገባባቸው መንገዶች ዋነኛው ንግድ ነው። ሙስሊም ነጋዴዎች ከጎንደርና ከጎጃም ተነስተው፣ ዐባይን ተሻግረው፣ በእናርያና በጅማ አድርገው ቦንጋ ይደርሱ ነበር። አሞሌ ጨውና ጨርቅ ያመጣሉ፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዘው ይመለሳሉ። ሰውም ይዘው ይመለሱ ነበር! ይህን ማለት ያማል፤ ካላልነው ግን ታሪካችን ውሸት ይሆናል። በየቤታችን “ታላቅ ነጋዴ ነበሩ” እያልን የምንኮራባቸው አያቶች ሁሉ ምን ይነግዱ እንደነበር ጠይቀን እናውቃለን? ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላን ሰው አላህ (ሱ.ወ.) በቂያማ ቀን ራሱ እንደሚሟገተው በቡኻሪ ተዘግቧል። ሸሪዓችን ባሪያ ነፃ ማውጣትን የኃጢአት ማካካሻና ታላቅ ዒባዳ ሲያደርግ፣ አንዳንድ አባቶቻችን በተቃራኒው መንገድ ሄደዋል።

በደሉ የነጋዴ ብቻ አልነበረም። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ወግቶ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ፣ አገሩ በጦርነት፣ በረሃብና ሰውን በመንዳት ተራቆተ። ከዚያም ወታደሩና ነጋዴው ፊታቸውን ወደ ማጂና አካባቢው አዞሩ። ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ የጥንት ዘመን ወሬ አይደለም፤ አክስቴ ያንን ዘመን በእናታቸው አፍ የሰሙት ነው።

ነጋዴዎቹ ወደ ቦንጋ ሲመጡ አብዛኞቹ ሚስት ይዘው አልመጡም። እዚሁ አገቡ። ስለዚህ በአባቱ በኩል ጎንደር ወይም ጅማ የሚቆጥር የካፋ ሙስሊም ሁሉ በእናቱ በኩል የሚቆጥረው እዚሁ ነው። በዚህ የሚያፍር ካለ ነገሥታቱ እንዳላፈሩ ይወቅ። የሊሙ እናርያው ሙስሊም ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤተሰብ ሙሽራ አስመጥተው ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋ የደረሰው ሙሽራይቱን ሊያመጡ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ነው። ስለዚህ በአንድ አያት ልጆች መካከል ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ የአባቶቹን እምነት የያዘውም ይገኛል። የክርስቲያን ዘመድ ስም ከሐረጉ ቢጻፍ ኢማናችን አይቀንስም። አስማእ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ.) ያልሰለመች እናታቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድናሽን ቀጥዪ ነው ያሏቸው።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። ማንጆ ተብለው ለብዙ ዘመን የተገለሉ ወገኖቻችንን የምናይበት ዓይን ነው። በሶላት ሰልፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ከመስጊድ ሲወጣ ከአንድ ገበታ ለመብላት የሚያፈገፍግ ሙስሊም ምን ዓይነት ሙስሊም ነው? “ዘር ከልጓም ይስባል” ይላል ያገራችን ሰው። ሙእሚንን ግን መሳብ ያለበት ተቅዋ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሥራው ወደኋላ ያስቀረውን ሰው ዘሩ እንደማያስቀድመው ነግረውናል።

አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች፣ “ነውርን መሸፈን ሱና ነው፤ የሞተን ነገር ቀስቅሰህ ቤተሰብ አታዋርድ” ይሉኛል። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን የሚሸፈነው ኃጢአት ነው። መሸጥ የተሸጠችው ልጅ ኃጢአት ነው እንዴ? ነውሩ የሻጩና የገዢው ነው። እርሷን ስንደብቅ የሸፈንነው የእርሷን ነውር ሳይሆን የእነርሱን ነው፤ ዋጋውን ግን ያስከፈልነው እርሷን ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እያልን እንስቃለን። የራሳችን ሐረግ ከበቅሎዋ መልስ በምን ይለያል?

በዚህ ነገር ሌሎች እንደቀደሙን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአገራችን ተሽጠው ቀይ ባሕርን በጀልባ ይሻገሩ የነበሩ ሕፃናትን አስጥሎ ዔደን አደረሳቸው። ከመካከላቸው ስልሳ አራቱ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተወሰዱ። የስኮትላንድ ሚሲዮኖች እያንዳንዱን ልጅ ስምህ ማነው፣ አባትህ ማነው፣ እናትህስ፣ አገርህ የት ነው፣ ማን ወሰደህ እያሉ ጠይቀው ጻፉ። ከነዚያ ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድን አገዛዝ በመታገል ታስሮ የኖረ ምሁር ሆነ። የነዚያ ሕፃናት ታሪክ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ ወጥቷል። ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ብዕር አንስቶ “አባትሽ ማነው?” ብሎ ስለጠየቀ ነው።

እዚህ ላይ ልባችን ሊነካ ይገባል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አሕዛብ በቤታችሁ ያደጉትን በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው ያለው ማንን ነበር? እኛን ነው! አያታችንን ግን በአባቷ ስም የጠራት የለም፤ አባቷ ማን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የዘር ፍለጋውን አንተው፤ እናስተካክለው። በየዒዱ ስንሰበሰብ እናቶችንም እንጻፍ፤ የእናቶችን እናት እስከምንችለው ድረስ እንጻፍ። ማን ማንን እንዳጠባ እንጻፍ፤ የጡት ዝምድና በኒካሕ ላይ ሕግ አለውና። አክስቶችን ካፊኖኖ በሚያውቅ ሰው እናስጠይቅ፤ ብዙው ትዝታ በአማርኛ አልተቀመጠምና። በአሮጌ ቁርኣን ልጥፍ ላይ የተጻፈ የልደት ቀን፣ የኒካሕ ወረቀት፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተወሰነ የውርስ መዝገብ ካለ ሳይጠፋ እናስቀምጠው። ስሙ ያልታወቀውን ሰው ከሐረጉ አናውጣው፤ ቦታውን ባዶ ትተን “ስሟን ሳንጠይቃት የሞተች እናታችን” ብለን እንጻፍ። በየቴሌግራሙ ከሚፈልጉት ጋር ስንገናኝም፣ “ከነማን ወገን ናችሁ?” ከማለታችን በፊት “የጠፋባችሁ ሰው አለ?” ብለን እንጠይቅ።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለኔ ቤት ቀላል አይደለም። ማጂ ዛሬ በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከካፋ ጋር በአንድ ክልል ነን፤ ከክልሉ መቀመጫዎችም አንዷ ይህችው ቦንጋ ናት። እዚያ የሆነ ቤት ውስጥ፣ “አንዲት ልጃችን ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ቀረች” የሚል ወሬ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ ይሆናል። እነርሱም ዘመዶቻችን ናቸው፤ ሐቅ አላቸው። ዐረብ አገር ካለው ዘመድ ይልቅ እነርሱ ይቀርቡናል።

የአጎቴ ልጅ ያን ዕለት ከብዙ ዝምታ በኋላ እስክሪብቶ አውጥቶ አክስታችን አጠገብ ተቀመጠ። አክስታችንም ስለ እናታቸው የሚያስታውሱትን ነገሩት፤ ብቻዋን ስትሆን ማንም በቤቱ በማያውቀው ቋንቋ ታንጎራጉር እንደነበር ጭምር። አንዲት ቃል ብቻ ያስታውሳሉ። እርሷን ጻፋት። ረጀብ ወር ላይ ማጂ እንሄዳለን፤ ያችን ቃል የሚያውቅ ሰው ካለ እንጠይቃለን፤ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) ዝምድናን ከሚቀጥሉት ያድርገን፤ ስማቸውን ያልጠየቅናቸውን እናቶቻችንንም ይዘንላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።