ማሽኑ ቀይ የቀባው የቆቦ ማሳ

በቅርቡ አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ ወዳጄ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የቆቦንና የራያ ቆላን ካርታ አሳየኝ። ለሙከራ የሠራው ነው። ከምዕራቡ ተራራ ሥር እስከ ዞብል ድረስ ሜዳው በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ተለቅልቋል። “ቀዩ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል የተባለው ነው” አለኝ። ማን እንዳለው ስጠይቀው ሳቀ። ማሽኑ ነው።

ዘዴው ማሽን ለርኒንግ ይባላል። ማዕድን የተገኘባቸው ቦታዎች ለኮምፒዩተሩ በምሳሌነት ይሰጡታል። የሳተላይት ምስል፣ የመሬት ከፍታና የዓለት ካርታ ይጨመርለታል። እሱም ምሳሌዎቹን የሚመስል ሌላ ቦታ እየፈለገ ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ይሰጣል። ልብ በሉ፣ 0.8 ማለት “ከመቶ ሰማንያ እጅ ወርቅ አለ” ማለት አይደለም። “ካሳያችሁኝ ምሳሌ ጋር በጣም ይመሳሰላል” ማለት ነው። ምሳሌው የአዶላ ከሆነ የሚፈልገው የአዶላን መልክ ነው።

ቆቦ ደግሞ አዶላ አይደለም። በዙሪያው ያለው ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ሲሆን ሜዳው ጎርፍ ከዚያው ተራራ ያወረደው ደለል ነው። ሳተላይት የሚያየው የመሬቱን ቆዳ ብቻ ነው። ከሥር ማዕድን መኖሩን ይጠቁማሉ ከሚባሉት ምልክቶች አንዱ የሸክላ ዓይነት ነው፤ በቆቦ ግን ያንን ሸክላ ጎሊና ወንዝ ከላይ አምጥቶ ያስቀመጠው ሊሆን ይችላል። ወዳጄም ይህን አይክድም። ቀይ ከሆኑት ቦታዎች ብዙዎቹ ገበሬው ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላ የሚዘራባቸው ማሳዎች ናቸው ብሎኛል።

ታዲያ የሕግ ሰው ምን አገባው? የሚያገባው ውጤቱ ከኮምፒዩተሩ ሲወጣ ነው። ባለሙያው ቁጥሩን በአንድ ቦታ ይቆርጥና “ከዚህ በላይ ያለው ቀይ” ይላል፤ ከዚያም ስዕሉን አውጥቶ ለአለቃው፣ ለባለሀብቱ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ ይልካል። ወዳጄ መቁረጫውን 0.5 ላይ ነበር ያደረገው። ወደ 0.6 እንዲያነሳው ጠየቅሁት። ግማሹ ቀይ ከዓይናችን ሥር ጠፋ። ስዕሉ ብቻ የደረሰው ሰው ግን 0.51ና 0.95 በአንድ ቀለም መቀባታቸውን በምን ያውቃል?

ሌላም ጣጣ አለ። የአገራችን ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ የሳተላይት ምስልና የጂፒኤስ መሣሪያ የሚጠቀሙት ሌላ ነው። ሁለቱን ሳያስታርቅ ስዕሉን ካርታው ላይ የጫነ ሰው ቦታውን ከ200 ሜትር በላይ ያዛንፈዋል። በወረቀቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ነው። በመሬቱ ላይ ግን የአንዱን ገበሬ ይዞታ ለሌላው መስጠት ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ መዝገብ እንዲይዝና ሪፖርት እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። እኔ ሳነበው፣ በዚህ ዘመን ሪፖርት የሚባለው ባለቀለሙ ስዕል ብቻ ሊሆን አይችልም። ቁጥሮቹ፣ ማሽኑ የተማረባቸው ምሳሌዎች፣ መቁረጫው፣ የካርታው መነሻና ከመስክ የመጣው ናሙና አብረው መቅረብ አለባቸው፤ ቅጂውም በኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት መቀመጥ አለበት። ፍርድ ቤት የቀረበ ባለሙያ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ስዕል ግን አይጠየቅም። የይዞታ ደብተሩን ይዞ “ማሳዬ ለምን ይቆፈራል?” ብሎ የሚመጣ ገበሬ የሚከራከርበት ነገር ያስፈልገዋል።

መረጃው በማን እጅ ይሁን የሚለው የእኛ ጥያቄ ብቻም አይደለም። ኮንጎ ኪንሻሳ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕድን ከሚፈልገው ኮቦልድ ሜታልስ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስትስማማ፣ ከመነጋገሪያዎቹ አንዱ ቤልጂየም ውስጥ ተርቩረን ሙዚየም የሚገኙት የቅኝ ግዛት ዘመን የጂኦሎጂ ሰነዶች ነበሩ። የአገሬው መሬት መረጃ በሰው አገር መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። የእኛስ ቁጥሮች ነገ በየትኛው አገር ኮምፒዩተር ውስጥ ይፈለጉ ይሆን?

“መስክ ወርዶ ማረጋገጥ ነዋ!” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምትና እንደገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነት የገባባት ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳ። መዶሻና የናሙና ከረጢት ይዞ ወንዝ ለወንዝ መሄድ በማይቻልበት ጊዜ፣ ቢሮ ተቀምጦ የተሠራ ካርታ የመስኩን ሥራ መተካት ያምረዋል። የምሰጋው ይህንን ነው።

ከመለያየታችን በፊት ወዳጄን ስለ ደላንታ ጠየቅሁት። የወገል ጤና ኦፓል በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተገኘው በአካባቢው ሰዎች እጅ፣ ገደል ውስጥ ባለች ቀጭን የዓለት ንጣፍ ላይ ነው። በወርቅ ምሳሌ የተማረው ያንተ ማሽን ያኔ ቢኖር ደላንታን ምን ይቀባት ነበር? አልኩት።

ጥቂት አሰበና “ሰማያዊ” አለኝ።