ስለ ፊት ብጉርና በአፍ ስለሚወሰደው መድኃኒት



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ለእኔ ክብር የሚጨምርልኝ አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ቤት የተፈጸመ ስሕተት ለሌላው ቤት ትምህርት ሊሆን ይችላል ብዬ ስላሰብሁ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

ከአምባሰል ገጠር የመጣች የእኅቴ ልጅ በሐይቅ ከተማ በእኔ ቤት ተቀምጣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ትማራለች። ዕድሜዋ 16 ዓመት ነው። ትምህርቷን የምትወድ፥ ታላላቆቿን የምታከብር ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ግን በግንባሯና በጉንጮቿ ብጉር ወጣባት፤ ቀን በቀንም እየበዛና እየቀላ፥ መግልም እየቋጠረ ሄደ። ቀድሞ በክፍሏ ከፊት ወንበር ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ወደ ኋላ ሄደች፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ከመዘምራኑ ጋር ስትቆም ፊቷን እስከ ዐይኗ ድረስ በነጠላዋ መሸፈን ጀመረች። እናቷ በስልክ ስትጠይቀኝ፥ «የዕድሜ ነገር ነው፤ ያልፋል» እያልሁ እመልስላት ነበር።

በየካቲት ወር አንድ ማታ ልጅቱ ወደ እኔ ቀርባ፥ «ጋሼ፥ አይቆጡኝና ትምህርቱን ትቼ ወደ እናቴ ልመለስ» አለችኝ። ምክንያቱን በጠየቅኋት ጊዜ ከቃሏ በፊት እንባዋ ቀደማት። የልጅን ኀዘን አቅልዬ በማየቴ ያን ጊዜ አፈርሁ። ነገር ግን ከአንዱ ስሕተት ሳልወጣ ወደ ሌላው ገባሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፥ «ዶክሲሳይክሊን የሚባል እንክብል አለ፤ የእኔ ልጅ በእርሱ ድኗል» ቢለኝ፥ ሐኪም ሳልጠይቅ ገንዘብ ሰጥቼ ያለ ማዘዣ አስገዛሁላት። ስንት ቀን እንደምትወስደው፥ እንዴት እንደምትወስደውም አልጠየቅሁም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና፥ ልጅቱ ቀኑን ስትጾም ውላ እንክብሉን ማታ ወደ መኝታዋ ስትሄድ በአንድ ጉንጭ ውሃ ትውጠው ነበር። በስድስተኛው ቀን ሌሊት ደረቷ እንደ እሳት እየተቃጠለ ነቃች፤ ምራቋን እንኳ መዋጥ ተሳናት።

ሲነጋ ወደ ሕክምና ወሰድኋት። ሐኪሟም ከመረመረቻት በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ፥ «መምህር፥ ይህን መድኃኒት ያዘዘላት ማን ነው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልሁ። አልተቆጣችኝም፤ ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር። እንክብሉ በጉሮሮዋ ውስጥ፥ በምግብ መውረጃው ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ እንዳቈሰለው ገለጸችልኝ። ቀጥላም፥ «መድኃኒቱ ክፉ አይደለም፤ ለሚገባው ሰው፥ በሚገባው መንገድ፥ ለተወሰነ ጊዜ ሲሰጥ ብዙ ይጠቅማል። ክፉ የሚሆነው ሥርዐቱ ሲፈርስ ነው» አለች። ከእርሷ የሰማሁትንና በኋላም በማንበብ የተረዳሁትን ከዚህ በታች በተራ እገልጻለሁ።

ብጉር ምንድን ነው? በቆዳችን ውስጥ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። በጉርምስና ዘመን ቅባቱ ይበዛል፤ የቅባቱ መውጫ ቀዳዳም በሞተ ቆዳ ይደፈናል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖሩ ተሐዋስያን ይራባሉ፤ ስፍራውም ይቀላል፥ ያብጣል፥ መግልም ይቋጥራል። እንግዲህ ብጉር የቆሻሻነት ምልክት ወይም የኀጢአት ቅጣት አይደለም። ልጁ ፊቱን ስላልታጠበ ነው ብሎ መዝለፍም ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው። ደግሞም «ያልፋል» ብሎ መተው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ብጉሩ ቢያልፍም ጠባሳው በፊት ላይ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላልና።

በአፍ የሚወሰደው ጸረ ተሐዋስያን መድኃኒት፥ ማለት አንቲባዮቲክ፥ ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፥ በቀዳዳው ውስጥ የተራቡትን ተሐዋስያን ይቀንሳል፤ ሁለተኛ፥ መቅላቱንና ማበጡን ያበርዳል። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነው ዶክሲሳይክሊን ነው። የዚህ ወገን መድኃኒት ከ1950ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ጀምሮ ለብጉር ሲሰጥ ኖሯል። የሚገባውም ለጥቂት ጥቁር ነጥብና ለትንንሽ ብጉር ሳይሆን፥ መካከለኛ ወይም ጽኑ ለሆነ፥ ለቀላና መግል ለቋጠረ፥ በፊት ብቻ ሳይወሰን በደረትና በጀርባም ለተዘረጋ ብጉር ነው።

ነገር ግን ይህ መድኃኒት በሁለት ቀን ተአምር አይሠራም። መሻሻሉ በግልጥ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው ከንቱ ድካም ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ማብቂያ ሊኖረው ይገባል፤ ሐኪሞች ከ3 ወይም ከ4 ወር እንዳያልፍ ይመክራሉ። ብቻውንም አይሰጥም፤ በፊት ላይ ከሚቀባው ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድና ቀዳዳውን ከሚከፍተው ከአዳፓሊን ወይም ከመሰሎቹ ጋር ይጣመራል። እንክብሉ ካቆመ በኋላ ብጉሩ እንዳይመለስ የሚጠብቀው ይህ የሚቀባው ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባለ ቀለም ጨርቅን ያነጣልና፥ የነጠላችሁን ጥለት ከእርሱ ጠብቁ።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንመለስ። ዶክሲሳይክሊን ጨጓራን ሊያውክ፥ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። በጉሮሮ ከተጣበቀ በእኅቴ ልጅ እንደ ደረሰው ያቈስላል፤ ስለዚህ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፥ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መዋጥ፥ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አለመተኛት ያስፈልጋል። ከምግብ ጋር ቢወሰድ ለጨጓራ ይስማማል፤ ወተት፥ የደም ማነስ የብረት እንክብልና የጨጓራ ማብረጃ ግን ኀይሉን ስለሚቀንሱት በሰዓት መለየት አለባቸው። በጾም ወራት የሚታከም ሰው የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት፤ ሕመሙን ለንስሐ አባቱም ይንገር። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ምሕረት እንዳላት የማያውቅ የለም።

ሌላው ጉዳት ከፀሐይ ጋር የተያያዘ ነው። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች አገር ናት፤ በደጋ ደግሞ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። በእርሻና በአጨዳ የሚውል፥ ከብት የሚጠብቅ፥ ከገጠር ወደ ትምህርት ቤት ረዥም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ባርኔጣ ወይም ጥላ ሳይይዝ እንዳይወጣ ይሁን።

ለነፍሰ ጡር ሴት ይህ መድኃኒት ለብጉር አይሰጥም፤ አዳፓሊንም እንዲሁ አይታዘዝላትም። ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ላለ ሕፃናት፥ ይልቁንም ከ8 ዓመት በታች ላሉት፥ ጥርሳቸውን ለዘለቄታው ሊያበልዝ ስለሚችል የታላቅን እንክብል ለታናሽ ማካፈል ትልቅ ጥፋት ነው። ብርቱ ራስ ምታት ከዐይን መደብዘዝ ጋር ከመጣ፥ ወይም ሰውነት ከተንደበደበና ትንፋሽ ካጠረ፥ መድኃኒቱን አቁሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

እስካሁን የተናገርሁት መድኃኒቱን በሚውጠው ሰው ላይ ስለሚደርሰው ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳት ግን መድኃኒቱን ባልዋጠው ጎረቤት ላይ የሚደርሰው ነው። ተሐዋስያን መድኃኒትን ሲለምዱ ደካሞቹ ይሞታሉ፤ የማይበገሩት ይቀራሉ፥ እነርሱም ይራባሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ ጊዜ፥ መድኃኒቱን እያሳነሱ መውሰድ ተሐዋስያንን እንደሚያደነድን አስጠንቅቆ ነበር።

ይህ ነገር በአገራችን ሲፈጸም ታይቷል። ትራኮማ ሰውን እንዳያሳውር አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በገጠር ለሕዝብ በሙሉ ሲታደል እናውቃለን፤ ሥራውም መልካም ነው። በምሥራቅ ጎጃም ዞን መንደሮች ሕፃናት በየሦስት ወሩ ይህን መድኃኒት እየወሰዱ አንድ ዓመት ቆዩ። የሳንባ ምች በሚያመጣው ተሐዋስ ላይ የተደረገውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፥ መድኃኒቱ የማይበግረውን ተሐዋስ የሚሸከሙት ሕፃናት በመጀመሪያ ከመቶ 4 ያህል ነበሩ፤ በዓመቱ ከመቶ 47 ያህል ሆኑ። እደላው በቆመባቸው መንደሮች ቁጥሩ እንደገና መቀነሱም በሌላ ጥናት ታይቷል። እንግዲህ ሐኪሞች ዐይን እንዳይጠፋ አስበውና መዝነው የሰጡት መድኃኒት ይህን ያህል ዋጋ ካስከፈለ፥ እኛ ሳንመዝን በየሱቁ የምንገዛው ምን ያህል ያስከፍለን ይሆን?

ደግሞም ይኸው ዶክሲሳይክሊን ለፊት ውበት ብቻ የተሠራ አይደለም። ዋናው ሕክምና የፈሰሰውን ውሃና ጨው መተካት ቢሆንም፥ በኮሌራ ለተያዘ ሰው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ እርሱ ነው። በቅማል ለሚተላለፈው ለሚያገረሽ ትኩሳትና ለተስቦም ይሰጣል። ወሎ እነዚህን በሽታዎች በወሬ ብቻ የሚያውቃቸው አገር አይደለም። ያለ ልክ ተጠቅመን መድኃኒቱን ብናደክመው፥ በክፉ ቀን የሚጐዳው የጎረቤታችን ልጅ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ። መጀመሪያ ልጁን አትዝለፉት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ ነቀፌታን የፈራ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል። ብጉሩን እንዳያፈርጥ ምከሩት፤ የራስ ቅቤና ቅባት ወደ ግንባሩ እንዳይወርድ አድርጉ፤ ፊቱን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። ፊት የሚያቀላ እየተባለ የሚሸጠው ቅባት ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ያለበት ስለሆነ፥ ራሱ ብጉር ያወጣልና ከቤታችሁ አውጡት።

ቀጥሎም በፊት ላይ የሚወጣው ሁሉ ብጉር እንዳልሆነ እወቁ። በደጋው አገራችን የሚገኘው ቁንጭር የራሱ ምርመራና የራሱ ሕክምና አለው፤ በብጉር መድኃኒት ጊዜ ማባከን ጠባሳውን ማስፋት ነው። በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ካልቻለ፥ በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሥጋ ደዌንና የቆዳ በሽታን በማከም ከቆየ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። አንቲባዮቲክን ያለ ማዘዣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም አትርሱ፤ የሚሸጥ ቢገኝ እንኳ እኛ ገዢዎች አንሁን። ጠበል የሚጠጣም ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ፤ የመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ ስለ ባለ መድኃኒት የሚናገር መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ልጆች ያውቃሉ።

ሐኪሙ እንክብሉን ሲያዝም ሦስት ነገር ጠይቁት፤ «ስንት ጊዜ ነው የሚወሰደው? የሚቆመው በየትኛው ቀን ነው? ከእርሱ ጋር የሚቀባው ምንድን ነው?» በሉት። የሚያፍር ልጅ አይጠይቅምና፥ አብራችሁት ሂዱ።

የእኅቴ ልጅ ጉሮሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳነ። ሐኪሟም ጊዜ ሰጥታ እንደገና ካየቻት በኋላ የሚቀባውንና እንክብሉን በሥርዐት አዘዘችላት፤ የሚቆምበትንም ቀን በወረቀት ጻፈችላት። ያን ወረቀት በቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። እንክብሉንም ራት በልታ፥ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጠጥታ፥ ከእኔ ጋር ጥቂት ተጨዋውታ ከቆየች በኋላ ነበር የምትተኛው። ሦስቱ ወር አልቆ እንክብሉ ቆመ፤ የሚቀባውን እስካሁን አልተወችም። ፊቷ ፈጽሞ እንደ ድሮው አልሆነም፤ በጉንጮቿ ላይ ጥቂት ጠባሳ ቀርቷል፤ ቀድሜ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ እርሱም ባልቀረ ነበር ብዬ አዝናለሁ። ነገር ግን በዚህ ዓመት በክፍሏ ወደ ፊት ወንበሯ ተመልሳለች፤ ነጠላዋም በትከሻዋ ላይ ነው።