ያለ ግፊት መሄድ የለም

ማክሰኞ የአልዱባ ገበያ ቀን ነው። የበና ገበሬ ማሩን ተሸክሞ፣ ፍየሉን ነድቶ በእግሩ ይመጣል፤ ነጋዴው በጭነት መኪና ይደርሳል፤ የቸኮለ ባለጉዳይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጂንካ ድረስ በአይሮፕላን ይመጣና የቀረውን መንገድ በመኪና ይጨርሳል። አካሄዳቸው የተለያየ ይምሰል እንጂ ሁሉም የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው፤ ይኸውም ወደ ፊት ለመሄድ የሚፈልግ ሁሉ አንድ ነገር ወደ ኋላ መግፋት አለበት የሚለው ነው።

እግር መሬቱን፣ ጎማ ጎዳናውን ይገፋል። አየር መንገዳችን ለአጭር በረራ የሚጠቀምበት ዳሽ 8 አይሮፕላን ሁለት ፕሮፔለሮቹን በተርባይን ሞተር እያሽከረከረ አየሩን ይገፋል፤ ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ጥቂቱን በብርቱ ፍጥነት ከመግፋት ይልቅ ነዳጅ ይቆጥባልና። በጠፈር ግን የሚገፋ አየር የለም። ስለዚህ ሮኬት ነዳጁንም፣ ነዳጁን የሚያቃጥለውንም ይዞ ይወጣል፤ የሚገፋውም የራሱን ጋዝ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱን የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ያነሣው ሮኬት የሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚህ አልፈው ስለሚታሰቡት ሞተሮች ብዙ ይወራል። አንዳንዱ እውነት ሆኗል፤ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2010 ኢካሮስ የተባለችውን መንኰራኵር በስስ ሸራ ላይ በሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን ግፊት አስኪደዋል። አንዳንዱ ከወረቀት አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሜክሲኮአዊው ሊቅ አልኩቢዬሬ ያሰበው ከብርሃን የመቅደም ዘዴ ከባዶ ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል፤ ይህንንም በሚበቃ መጠን ያገኘ የለም። ምንም ሳይገፋ ይሄዳል የተባለው ኢኤምድራይቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በጀርመን አገር በድሬስደን በጥንቃቄ ሲመዘን ግፊት አልተገኘበትም።

ይህ ለአልዱባ ምኑ ነው? የሚል ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪኩን መኪና ነዳጅ የማይፈልግ እያሉ መጥራት ቀላል ሆኗል። ሞተሩ በእርግጥ ቆጣቢ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ከሚበላው ጉልበት ከግማሽ የሚበልጠውን በሙቀት ሲያባክን፣ የኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ለጎማው ያደርሳል። ነገር ግን ባትሪ ጉልበት ያኖራል እንጂ አይፈጥርም፤ በአገራችን የሚሞላው ይልቁንም ከወንዝ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 የተገደበው በኦሞ ላይ ነው። የወንዙ ሙላት በተገታ ጊዜም፣ ውሃው ሲሸሽ በሚቀረው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ብዙ የታችኛው ኦሞ ሰዎች እርሻቸውን አጥተዋል።

ይህን ማለት ግድቡ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ዋጋውን የከፈለው ሰው ከጉልበቱ ድርሻው ይድረሰው ማለት ነው። እንግዲህ ወጣቱ ሹም የአዲስ ሞተር ወሬ በሰማ ጊዜ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ሞተሩ የሚገፋው ምንን ነው? ጉልበቱስ ከማን ደጅ ይመጣል? በከተማ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር፣ በኦሞ ዳር ወደ ኋላ የተገፋ ሰው እንዳይኖር መጠንቀቅ የእርሱ ሥራ ነው።