ግግ ስለማስወጣትና ያለ በቂ ምክንያት ስለሚነቀሉ የልጆች ጥርሶች የተሰጠ የአቋም መግለጫ

የጥርስና የአፍ ጤና ባለሙያዎች የተሰባሰብንበት ይህ ማኅበር በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ግግ ማስወጣት አጥብቆ ይቃወማል። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ድዱ ሳይነካ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ልጅ አምስት ስድስት ወር ሲሞላውና ሲያመው እናት በአውራ ጣቷ ድዱን ትዳብሳለች። ከፊት ጥርሶቹ ቦታ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ ጉብታ ታገኛለች። «ግግ ነው» ይባልና ልጁ አውጪ ዘንድ ይወሰዳል፤ ድዱ በመርፌ፣ በምላጭ ወይም በጋለ ብረት ተከፍቶ ለስላሳ ነገር ተፈልቅቆ ይወጣል። ያ የወጣው ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው። ቢተዉት ከ16 እስከ 23 ወር ባለው ዕድሜ ይበቅል ነበር። ጉብታው በጤነኛ ልጅ ድድ ላይም ይታያል።

ልማዱ ለምን እንደቆየ እናውቃለን። ስድስት ወር ልጁ ከጡት ሌላ ምግብና ውኃ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት፣ ከእናቱ ይዞት የተወለደው የመከላከል አቅምም የሚሳሳበት ጊዜ ነው። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። አብዛኛው ተቅማጥ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ምስጋናው ለአውጪዋ ይሆናል። እናቶችን አንወቅስም። ልጇ ዓይኗ እያየ ሲደክምባት ዝም ብላ የምትቀመጥ እናት የለችም።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ደም አልቆም ብሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የሚሞት ሕፃን አለ። አንድ ምላጭ ለብዙ ልጅ ሲውል ኤችአይቪም ሊተላለፍ ይችላል። አውጪ ፍለጋ በሚባክነው ሰዓት የልጁ ሰውነት ውኃ እያለቀ ነው። የተረፈውም ቢሆን ነገሩ በዚያ አያበቃለትም። ቋሚው ክራንቻ መጠንከር የሚጀምረው ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ዕድሜ፣ እዚያው የወተቱ ጥርስ አጠገብ ነውና ምላጩ እሱንም ያገኘዋል። ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ ሲል የተቦረቦረና ቡናማ ይሆናል፤ ቦታውን ስቶ የሚወጣም አለ። ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ተማሪ ወንበራችን ላይ ስትቀመጥ፣ እናቷ ግግ ያስወጣችበትን ቀን የምታስታውሰው እኛ ስንጠይቃት ነው። በእስራኤል የሚሠሩ የጥርስ ሐኪሞችም ከኢትዮጵያ በሄዱ ቤተሰቦች ልጆች አፍ ውስጥ ይህንኑ የጎደለ ክራንቻ መዝግበዋል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የልጆችን አካል በጎጂ ልማድ መጉዳትን ያስቀጣል። ሕጉን እንደግፋለን፤ ሆኖም ቅጣት ብቻውን ድርጊቱን ወደ ጓዳ እንዳይገፋው እንሰጋለን። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አዋላጆችና የክትባት ክፍል ባልደረቦች፣ ልጁ በአራተኛው ወር ገደማ ለክትባት ሲመጣ ስለ ጉብታው አስቀድመው ለእናቱ እንዲነግሯት እንጠይቃለን። ጉብታው ምን እንደሆነ ቀድማ ያወቀች እናት አትደነግጥም።

ከፍ ባሉ ልጆች ላይ ሌላ ስህተት እናያለን። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ የወተት ይመስላል። ሲቦረቦር «ይነቀል፣ ሌላ ይተካዋል» ይባላል። አይተካም። ሊሞላ የሚችል ጥርስ ይሞላ፤ የወተት ጥርስም ቢሆን ጊዜው ሳይደርስ ከተነቀለ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ እየተጠጉ የቋሚውን ቦታ ይይዙበታል። ሊድን የማይችል፣ መግል የቋጠረ ጥርስ ሲሆን መንቀል ተገቢ ነው፤ እሱም በማደንዘዣ፣ በንጹሕ መሣሪያ፣ ለወላጅም ለልጁም በሚገባ ተነግሮ ይሁን።

ከዛሬ ጀምሮ «ግግ ነው» ብላ ወደ አባሎቻችን የምትመጣ እናት ሳትገሠጽ ትስተናገዳለች። ጡት ማጥባቷን እንድትቀጥል ይነገራታል፤ ሕይወት አድን ቅመምና ዚንክ ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን ትላካለች፤ ከሳምንት በኋላም ተመልሳ ስትመጣ ድዱን አብረናት እናያለን።